ኛጋሌ ያልተሳደበችበት ቀን

የኬሌቡጉ ከንቲባ ሱንጋሎ ኩሊባሊ ማለዳ ወደ ቢሮው ሲሄድ ከፀሐይ ቀድሞ የሚቀበለው ስድብ ነበረ። ስድቡም ዘወትር ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ከገበያው መግቢያ፣ ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ከኛጋሌ ኬይታ የዘይት ድስት አጠገብ። ኛጋሌ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ጀርባዋ የጎበጠ ምላሷ ግን የቀና ሴት ናት። የራሰ ባቄላ ፈጭታ፣ በሽንኩርት ለውሳ፣ በዘይት እየጠበሰች ለቁርስ ትሸጣለች።

«መጣላችሁ ባቄላ በሊታው!» ትላለች ድስቷን ሳትተው። «ከተማ ላስተዳድር ይላል፤ መጀመሪያ ሆዱን ቢያስተዳድር ምን ነበረበት?»

ሱንጋሎም ቆሞ፣ ነጩን ሰፊ ቀሚሱን ሰብስቦ ይመልሳል። «ዝም በይ፣ አንቺ የኬይታ ሌባ። ይህ ድስት አያትሽ ከአያቴ ጓዳ የሰረቀችው አይደለም እንዴ? እኔ ዝም ስላልኩ ያንቺ መሰለሽ።»

ገበያው ይስቃል፤ እርሱ ሁለት ጥብስ ገዝቶ እየበላ ይሄዳል፤ ቀኑም በዚያ ይባረካል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኬይታና ኩሊባሊ የሁለት ወገኖች የዘር ስም ነው። ኬይታ የተባለ ሁሉ ኩሊባሊ የተባለውን ሁሉ ሊሰድብ፣ ኩሊባሊም ብድሩን ሊመልስ፣ አባቶች መነሻው በማይታወቅ ቃል ኪዳን ተሳስረዋል። በሁለቱ መካከል ስድብ አያስቀይምም፤ ያዛምዳል እንጂ። እርስ በርሳቸው ደም አያፈሱም፣ ቂም አይቋጥሩም፤ ኩሊባሊ ሲሞት በሬሳው ላይ የሚቀልደው ኬይታ ነው፤ በኬይታ ሙሽራ ላይ የሚያላግጠው ደግሞ ኩሊባሊ። በኬሌቡጉ ሕፃን ልጅ የእናቱን ስም ሳያውቅ የሚሰድበውን ያውቃል። ሹምን ከሚያታልሉት ነገሮች ሁሉ የከፋው ምስጋና ስለ ሆነ፣ ያለ ፍርሃት የሚሰድበው አንድ ሰው ያለው ሹም ባለጸጋ ነው። ሱንጋሎ ይህን ሀብቱን የሚያውቀው ይመስለው ነበር።

ሱንጋሎ ክፉ ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጉቦ በእጁ ያልገባ፣ በራሱ ሞተር ብስክሌት የሚሄድ ከንቲባ ነበረ። በምርጫው ጊዜ ግን ለገበያተኞቹ አንድ ነገር ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ በሚያበራ ቆርቆሮ የተከደነ ገበያ። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሴቶቹ ዛሬም በፀሐይ ይሸጣሉ። ይህ ያሳፍረው ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ሐሳብ መጣለት። ከተማዪቱ የጋራ የማሽላ ጎተራ አላት። ከመከር በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ያስገባል፤ በክረምት፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ሳለ፣ የጎደለበት ሰው ከጎተራው ወስዶ ይበላል፤ ሲያጭድም ይመልሳል። ሱንጋሎም ይህን አሰላ፤ ማሽላ በክረምት እጅግ ይወደዳል፤ በኅዳር ይረክሳል። እንግዲያው ጎተራው አሁን ቢሸጥ፣ በኅዳርም እንደ ገና ቢሞላ፣ በመካከል የሚተርፈው ገንዘብ ለገበያው ክዳን ይበቃል። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም። በስሌቱ ያላስገባው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ሰው በነሐሴም እንደሚበላ።

ያንን እንኳ ጨርሶ አልዘነጋውም። በየሰፈሩ ዞሮ ጠይቋል። «እህል አላችሁ? ክረምቱን ታልፉታላችሁ?» ብሏል። ሁሉም በአንድ አፍ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፣ ቤታችን ሙሉ ነው አሉት። ራብን ለጎረቤት የማይናገር ሕዝብ ለከንቲባ እንደማይናገር ሱንጋሎ ማወቅ ይገባው ነበር፤ እርሱም ከዚያው ሕዝብ የተወለደ ነውና። ነገር ግን ሰው የሚፈልገውን መልስ ሲያገኝ ሁለተኛ አይጠይቅም። ምክር ቤቱም እጁን አወጣ። ዙማና የሚባል የሴጉ ከተማ ነጋዴ ጎተራውን በሙሉ ሊገዛ ተስማማ፤ በሐምሌ ሦስተኛው ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ መኪና ይዞ ሊመጣ ቀን ተቆረጠ።

ይህን ሁሉ የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ኛጋሌ። የተቃወመችውም በምታውቀው መንገድ ነው።

መጀመሪያ፣ የምክር ቤቱ ውሳኔ በገበያ በተነገረ ዕለት፣ ጭልፋዋን አንሥታ፣ «ስሙ እናንተ!» አለች። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ ይባላል። ይህ ኩሊባሊ ማሽላው ይለቅ ሲል ምን ሊያቀልልን ነው? የኛን ሥጋ ነው?»

ሰው በሣቅ ፈረሰ። ከንቲባው ራሱ ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር ሣቀ፤ ማታም ለሚስቱ ለሳራን ደገመላት።

ሁለተኛ፣ በጎረቤት የሕፃን ስም በሚወጣበት ግብዣ ላይ፣ ሱንጋሎ ስለ ቆርቆሮው ክዳን ሲያወራ ከሴቶቹ ረድፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሆዱን ሸጦ ባርኔጣ ስለ ገዛ አንድ ኩሊባሊ ተረከች። ሰውዬው፣ አለች፣ ፀሐይ እንዳትመታው ራሱን በደንብ ሸፈነ፤ ከዚያም በጥላው ውስጥ በራብ ሞተ፤ አስከሬኑም እጅግ ያማረ ነበረ። የሕፃኑ አባት ከሣቁ ብዛት የያዘውን የገንፎ ሳሕን ጣለ።

ሦስተኛ፣ ሐሙሱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሱንጋሎ ሁለቱን ጥብስ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ጥብስ በማስቀመጥ ፈንታ አንድ እፍኝ የማሽላ ገለባ አስቀመጠችበት።

«ብላ» አለችው። «አሁን ተለማመደው፤ በኋላ እንዳያስቸግርህ።»

በዙሪያው ያሉት መሣቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ ኛጋሌ ጭልፋዋን አስቀመጠች፤ ቀጥ ብላም አየችው።

«ሱንጋሎ፣ አሁን አልቀለድኩም።»

ከዚህ ይልቅ የሚያሥቅ ነገር በኬሌቡጉ ታይቶ አያውቅም። ኬይታ ለኩሊባሊ አልቀለድኩም ትላለች! ዓሣ ሻጮቹ ጉልበታቸውን ያዙ። ሱንጋሎ ገለባውን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ለምሳዬ አስቀምጠዋለሁ ብሎ፣ እየሣቀ ሄደ። ኛጋሌ ግን ከዚያ በኋላ ጥብሱ እያረረ እንኳ ድስቷን ስታይ ቆየች። አርባ ዓመት ሙሉ ለከንቲባና ለዘበኛ፣ ለወታደርና ለነጋዴ የፈለገችውን ስትናገር ኖራለች፤ ማንም አልከለከላትም። ዛሬ ያ ነጻነት ወኅኒ እንደ ሆነባት አየች። ያሻትን እንድትናገር ተፈቅዶላታል፤ ማንም ስለማይሰማት።

*

የሐምሌ ሦስተኛው ሐሙስ ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ምድሩ ታጥቧል። ሱንጋሎ በደስታ ተነሣ፤ መኪናው ዛሬ ይመጣል፤ ቆርቆሮው በዐይኑ ላይ ያበራል። ለኛጋሌም አዲስ ስድብ አዘጋጅቶላት ነበር፤ ስለ ኬይታ ጥርስና ስለ አዞ የሚናገር፣ ሦስት ቀን የለፋበት።

ወደ ማንጎው ዛፍ ሲደርስ ግን ጭስ የለም። ድስቱ ተደፍቷል። ኛጋሌ ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን ነጭ ለብሳ፣ ነጭ ሻሽ አሥራ፣ በምንጣፍ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ሲቀርብም ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ዐይኗን ወደ ምድር ጥላ ጎንበስ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ ክቡር ከንቲባ? ቤትዎ ደኅና አደረ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ሥራዎ ይቃናልዎ።»

ሱንጋሎ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ቀልዱ ከጭራው እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበረ። ጠበቀ። አልመጣም።

«ምነው፣ የኬይታ ሌባ፣ ዛሬ ድስቱን ባለቤቱ ወሰደው እንዴ?» አለ። ከዚያም የአዞውን ስድብ አወጣ። ሦስት ቀን የለፋበት ስድብ በደረቅ ጉድጓድ እንደ ተጣለ ድንጋይ ወደቀ።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ» አለች ኛጋሌ። «ጥርሳችን እንደዚያው ነው።»

በአካባቢው ያለው ጨዋታ ሁሉ ቆመ። የሽንኩርት ሻጯ እጇ ከሽንኩርቱ ላይ ቀረ። ከወዲያ ጫፍ ያሉት ምን ተፈጠረ ብለው ጠየቁ፤ መልሱም በሹክሹክታ ከጉልት ወደ ጉልት ሄደ፤ ኛጋሌ ኬይታ ለኩሊባሊ «ጌታዬ» አለችው።

ሱንጋሎ ቢሮው ገብቶ ተቀመጠ። ወረቀት ቢያነብም ፊደሉ አልያዝ አለው። ኬይታ ኩሊባሊን ካከበረ ሁለት ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ኩሊባሊው ሞቷል፣ ወይ ዝምድናው ሞቷል። እርሱ አለመሞቱን ለማረጋገጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳራን ደረሰች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሃት?» አለችው።

«ምንም።»

«ሰው ምንም ሳይደረግ ባሌን አያከብርም» አለች ሳራን።

ቀጥሎ ሦስት የኩሊባሊ ሽማግሌዎች ገቡ። ቀድሞ የገባው የአባቱ ታናሽ ወንድም አጎቱ ምፒዬ ነበረ፤ ዘወትር እንደሚያስለው አንድ ደረቅ ሳል ስሎ፣ በከዘራው ተደግፎ ቆመ። ከመንገድ ሲመጡ፣ አለ፣ ሁለት ኬይታዎች ቆመው እጅ ነሥተውናል። ከእነርሱም አንዱ አህያ ነጂ ነው፤ በዕድሜው ሁሉ ለሰው መንገድ ለቆ አያውቅም፤ ዛሬ ለእኛ ለቀቀ።

«ልጄ» አለ ምፒዬ፣ «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ነገ ብሞት ማን መጥቶ ሬሳዬ ላይ ያሾፋል? እንዲሁ በለቅሶ ብቻ ልትቀብሩኝ ነው? ሂድና ነገሩን አስተካክል።»

በዚያው ሰዓት የዙማና መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ። የጎተራው ጠባቂ ፋቶጎማ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የመኪናው ሹፌር ወርዶ ጥብስ ሊገዛ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ወደ መኪናው ወጣ፤ ሞተሩንም አጠፋ። ስሙ ካሪባ ኬይታ ነበረ። ዙማና ምን ሆንክ ቢለው፣ አሮጊታችን ያከበረችው ኩሊባሊ ካለበት ከተማ አንዲት ጆንያ አልጭንም፤ ጎማዬ ቢፈነዳ ማን ሊስቅብኝ ነው? አለ። ከዚያም ባርኔጣውን በዐይኑ ላይ ደፍቶ ተኛ። ዙማና በመኪናው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከተሳፋሪ የማይሻል ሹፌር ቀጥሬአለሁ እያለ።

*

ሱንጋሎ ወደ ማንጎው ዛፍ ተመለሰ። የተከተለው ሰው ብዙ ነበረ፤ የሚያወራ ግን አልነበረም። በምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«እማማ ኛጋሌ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም አልበደሉኝም፣ ጌታዬ። ሹም ይበድላል እንዴ?»

«እንግዲያውስ ስደቢኝ።»

«አፌን ይቁረጠው።»

«አንድ ብቻ። ትንሽም ብትሆን።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሣቋን በሻሽዋ አፈነች። ኛጋሌ ግን አልሣቀችም፤ ዐይኗንም አላነሣችም።

«ጌታዬ፣ እኔ የምናገረውን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። እርስዎ ሲስቁ ስለ ነበር አልሰሙኝ ይሆናል። ስለዚህ ሣቁን ልወስደው ብዬ ነው፤ ምናልባት ከሥሩ ቃሉ ቢገኝ።»

ሱንጋሎ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ቀሚሱን አስተካከለ፤ በሰንደቅ ዓላማው ቀን ንግግር እንደሚያደርግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኛጋሌ ኬይታ» አለ፣ «መጀመሪያ እንዲህ አለችኝ። ባቄላ አለቀ ቢሉ...» ቆም አለ። ከንቲባ በአደባባይ ሊለው የማይገባ ቃል ነበረ። ዙሪያውን አየ፤ የሚያድነው አልነበረም። «...ፈስ ቀለለ፤ ማሽላ ሲያልቅ ግን የሚቀለው የሰው ሥጋ ነው። እኔም ሣቅሁ። ትርጓሜው፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰው ይከሳል ማለት ነው።»

ማንም አልሣቀም። ሊሥቁ እጅግ ፈልገው ነበር፤ የብዙዎች ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበርና፤ ግን ፈሩ።

«ሁለተኛ፣ ሆዱን ሸጦ ባርኔጣ የገዛ ኩሊባሊ ነበረ አለችኝ። ሰውዬው እኔ ነኝ። ባርኔጣው ቆርቆሮው ነው። ሆዱ...» በእጁ ሕዝቡን አመለከተ። «ሆዱ የእኔ እንኳ አልነበረም። የሰው ሆድ ነው የሸጥኩት።»

በኪሱ ገብቶ መሐረቡን አወጣ። ገለባው ከሳምንት ጀምሮ በዚያው ነበረ፤ ለቀልድ ብሎ አስቀምጦት ረስቶታል። በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየ።

«ሦስተኛ ይህን ሰጠችኝ፤ አልቀለድኩምም አለችኝ። ከሁሉ አብልጬ የሣቅሁት በዚህ ነው።»

ከዚያም ወደ ኛጋሌ ተመልሶ፣ በየሰፈሩ ዞሮ እንደ ጠየቀ፣ ሁሉም ደኅና ነን እንዳሉት ነገራት፤ የሚዋሽ ድምፅ አልነበረውም። ታዲያ የተራበው ማን ነው? አላት።

ኛጋሌ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ሰው ትጠይቃለህ» አለች፤ «እኔ ድስቴን እጠይቃለሁ። በሚያዝያ አምስት ጥብስ የሚገዛ ሰው በሰኔ ሁለት ይገዛል። በሐምሌ አንድ ገዝቶ ለልጁ ይይዛል፤ እኔ በልቻለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ መግዛቱን ይተውና ሰላም ልልሽ ብዬ ነው እያለ ይመጣል፤ እኔን እያነጋገረ ዘይቱን ያያል። በዚህ ሳምንት ሰላም ሊሉኝ የመጡት ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ስማቸውን አልነግርህም። ጎተራውን ክፈት እንጂ እነርሱ መንገዱን ያውቁታል።»

ሱንጋሎ ከእርሷ አፍ «አንተ» የሚለውን በሰማ ጊዜ ልቡ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ነገር ግን ለመደሰት ጊዜው አልነበረም። ፋቶጎማን ጠርቶ ጎተራው እንደማይሸጥ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። የምክር ቤቱ አባላት በሕዝቡ መካከል ነበሩና እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቀ፤ እጃቸው በሰኔ ከወጣው ይልቅ ፈጥኖ ወጣ።

ወደ ዙማናም ሄደ። ቃሌን በልቻለሁ አለው፤ ቃል መብላት ማሽላ ከመብላት እንደሚከፋ አውቃለሁ፤ ግን ሰጥቼህ የነበረው ቃል የእኔ ያልሆነ ነገር ነበረ። ለመንገድህ ካሣ ይሆንህ ዘንድ ለበዓል ያደለብኩትን በግ ውሰድ አለው። ዙማና ጥቂት አጉረመረመ፤ በጉን አይቶ ግን ማጉረምረሙን አሳጠረ። እርሱም የእናት ልጅ ነበረ፤ ደግሞም ሹፌሩ ያንኮራፋ ነበር።

የቀረው ክዳኑ ነው። ስለ ክዳኑ ከንቲባው እያፈረ ለገበያተኞቹ ሴቶች ቃሉን መጠበቅ እንዳልቻለ ሲናገር፣ የሽንኩርት ሻጯ አቋረጠችው። ለመሆኑ፣ አለች፣ ቆርቆሮ የጠየቀ ማን ነው? እኛ ጥላ ነው የጠየቅነው። ቆርቆሮማ በሚያዝያ እንደ ኛጋሌ ድስት ይጠብሰናል። ወንዶቹ ምሰሶ ይቁረጡ፣ እኛ ሣር እናመጣለን። ሱንጋሎ ይህን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልጠየቃቸው ትዝ አለው። ለሰው መልካም ማድረግ የሚወድ ብዙ ነው፤ መልካሙ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ኛጋሌም ነጩን ሻሽ ፈታች። ድስቷን አቀናች፤ እሳት አያያዘች፤ ዘይቱ እስኪግል ድረስ ሕዝቡ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ፣ ቆሞ ጠበቀ። የመጀመሪያው ጥብስ ወርቅ መስሎ ወጣ። በጭልፋዋ አንሥታ ወደ ከንቲባው ዘረጋችው።

«ና ብላ፣ ባቄላ በሊታ!» አለች። «ያንን ቃል በአደባባይ ስትለው ምነው እንዲህ አማረብህ? ለካስ ከልብህ የምታውቀው ሥራህ እርሱ ብቻ ነው።»

ከማለዳ ጀምሮ የታፈነው ሣቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ከማንጎው ላይ ወፎቹ ተነሥተው ሸሹ። አህያ ነጂው ኬይታ የአጎት ምፒዬን ከዘራ ነጥቆ እየዘለለ ሮጠ፤ ሽማግሌውም እየሳለ፣ ሌባ፣ አያቱም ሌባ ነበረ፣ እያለ በደስታ ተከተለው። ካሪባ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ምን አለችው? ምን አለችው? እያለ ከመኪናው ወረደ።

*

ጎተራው በማግሥቱ ማለዳ ተከፈተ። ሥርዐቱን ያወጣችው ኛጋሌ ናት። ፋቶጎማ እየሰፈረ ይሰጣል፤ ከንቲባው በሩን ይይዛል፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል፤ የሚመጣውን እንዳያይ።

«ኩሊባሊ ማሽላ ሲያይ ዐይኑ ይቀላል» አለች፤ «ሰው ይፈራል።»

ስለዚህ የኬሌቡጉ ከንቲባ፣ አፍንጫው ከጭቃው ግድግዳ ስንዝር ርቆ፣ በሁለት እጁ በር ይዞ ቆመ። ከጀርባው እግሮች ይገባሉ፤ የባዶ ጆንያ ኮሽታ ይሰማል፤ ማሽላው ሲፈስ እንደ ዝናብ ይሰማል፤ እግሮቹም ከብደው ይወጣሉ። አንዱን በጫማው ሊያውቀው ሲል ራሱን ከለከለ፤ ማወቅ የማይገባውን ነገር ማወቅም ስርቆት ነው ብሎ አሰበ።

ዐሥራ አራተኛው ሲገባ ግን አንድ ደረቅ ሳል ሰማ። ያንን ሳል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከአባቱ ቤት ግድግዳ ማዶ እየሰማው አድጓል። የከዘራውም ድምፅ ተከተለ። ትናንት ስለ ሬሳው ቀልድ የተጨነቀው ሽማግሌ፣ በሰኔም «ቤታችን ሙሉ ነው፣ ልጄ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ሰው፣ ከጀርባው ቆሞ ጆንያውን ይከፍታል።

ሱንጋሎ አልዞረም። በሩን አጥብቆ ያዘ። ግድግዳው ላይ አንዲት ጉንዳን ከእርሷ የሚበልጥ የማሽላ ፍሬ ተሸክማ ስትወጣ እያየ፣ ሽማግሌው እስኪሄድ ድረስ ትንፋሹን ዋጠ። ጆንያው ስለ ከበደው እርዳታ እንደሚያሻው ከእርምጃው ያውቅ ነበር፤ ግን ሊረዳው ቢዞር የሚሰጠው ከሚወስድበት እንደሚያንስ ያውቃል። ኛጋሌ ከወዲያ ለአህያ ነጂው፣ ያንን የኩሊባሊ ሌባ ጆንያውን ቀማው፤ እስከ ቤቱም አድርስና እዚያ ተሳደቡ ስትል ሰማ። ከዚያም የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅና ሣቅ በመንገዱ ላይ እየራቀ ሄደ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሱንጋሎ ወደ ቢሮው ሲሄድ በማንጎው ሥር ገዢ በዝቶ ነበር። ኛጋሌ ሥራ በዝቶባታል፤ አላየችውም። ቆሞ ጠበቀ። ቀሚሱን አስተካከለ። አንድ ጊዜ ሳለ። ስብሰባው እየረፈደበት ነበር፤ ግን ሳይሰደብ ባዶ ልቡን መሄድ አልሆነለትም። በመጨረሻ ከሰልፉ ጫፍ አንገቱን አስግጎ፣ «እማማ፣ እኔኮ መጣሁ» አለ።

ኛጋሌ ዞር ብላም አላየችው።

«ሸትቶኛል» አለች።

ከንቲባው እየሣቀ፣ ቀና ብሎ፣ ሥራውን ሊሠራ ሄደ።